በስልክ የተሣለ ካርታ

በ፲፱፻፶፩ ዓ.ም. በመስከረም ወር እኩሌታ ክረምቱ ከአርሲ ደጋ ገና አልለቀቀም ነበር፤ የጭላሎ ተራራ ከወገቡ በላይ በጉም ተሸፍኖ፤ ገብሱ በየማሳው እንደ ረጠበ ቆሞ፤ ከአሰላ ተነሥቶ በሳጉሬ ሜዳ አድርጎ ወደ ጢቾ የሚሻገረው የስልክ ሽቦ በጥድ ምሰሶዎቹ መካከል ረግቦ ይታይ ነበር። ይህ ሽቦ ነጠላ ብረት ነው፤ ነፋስ ሲመታው ያፏጫል፤ ከብት ምሰሶውን ሲታከከው ይላላል፤ በረዶ የጣለ ዕለት ደግሞ ጭራሹን ይዘጋል። የጠቅላይ ግዛቱ ሹማምንት ግን እንዲያው በእርሱ ይተማመኑ ነበር፤ የአውራጃ ገዥው በእርሱ ይታዘዛል፤ የዘገየ ግብር በእርሱ ይጠየቃል፤ ሹመትም ሽረትም ከባለቤቱ ቤት ሳይደርስ አስቀድሞ በእርሱ ያልፋል።

የሽቦው የወዲህኛው ጫፍ በአሰላ ከተማ፤ ከገዥው ግቢ ዝቅ ብላ ባለች የቆርቆሮ ቤት ውስጥ፤ በአንዲት ሴት ጆሮ ላይ ያልቅ ነበር። ወይዘሮ እታገኘሁ ተክለ ወልድ ትባላለች። የቡልጋ ተወላጅ ናት፤ በአዲስ አበባ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምራ፤ የሒሳብ ጸሐፊ የነበረ ባሏ ወደ አርሲ ሲመደብ አብራው መጣች፤ እርሱ በሁለተኛው ዓመት በተስቦ ሞተባት። ዘመዶቿ እንድትመለስ ቢልኩባትም፤ በዚያ ዘመን የራሷ ደመወዝ ያላት ሴት እንጀራዋን ጥላ መሄዷ ሞኝነት ነውና ቀረች፤ ከስልክ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ብቻዋን መኖር ጀመረች።

ከተማው ድምፅዋን እንጂ እርሷን አያውቃትም ነበር። ቱሳ የሚባል የእህል ነጋዴ «የኔ እመቤት፤ አቦምሳን ቶሎ ባክሽ!» እያለ በየቀኑ ይለማመጣታል፤ ቅዳሜ ገበያ ላይ ግን ማን እንደ ሆነች ሳያውቅ በጆንያው ገፍቷት ያልፋል። እርሷም «እኔ እኮ ነኝ» ብላ አታውቅም፤ የሥራው ደንብ እንዲያ ነበርና። ስልከኛ በመስመር ላይ ስሙን አይናገርም፤ በጣቢያው ስም ይጠራል። እርሷ አሰላ ናት፤ የጢቾው ሰው ጢቾ ነው፤ የጮሌው ጮሌ። የሰው ስም የመስመሩን ጊዜ ያባክናል ተብሎ ነው አሉ፤ ደንቡን ያወጡት ሰዎች ብቻቸውን ውለው ብቻቸውን የሚያድሩ አልነበሩም መሰለኝ።

በየማለዳው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የመስመር ፍተሻ ይደረጋል። እታገኘሁ ገመዱን ሰክታ እጀታውን ታዞርና «ሃሎ ጢቾ፤ ትሰማለህ?» ትላለች፤ ከተራራው ማዶ «እሰማለሁ፤ አሰላ» የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ገመዱ ይነቀላል፤ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። በዚያ በመስከረም ጠዋት ግን ጢቾ ከቃሉ በኋላ ዝም አላለም።

«እትዬ አሰላ፤ አይዝጉብኝ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነበር፤ ካስቸገርኩ ይቆጡኝ ወላሂ።»

በጣቢያ ስም ላይ «እትዬ» ሲጨመር ሰምታ አታውቅም፤ ሳቋ መጣ፤ ዋጠችው።

«ተናገር፤ ምንድን ነው?»

«ያ ትእዛዝ እኛም ዘንድ ደርሷል፤ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ያላለፈ ስልከኛ ከ፶፬ ዓመተ ምሕረት ጀምሮ በሌላ ይተካል የሚለው። እኔ ከቁርኣን ቤት ወጥቼ ሦስተኛ ክፍል ነው የደረስኩት። እዚህ ያለው ትምህርት ቤት አራተኛ ላይ ያልቃል፤ ቢቀጥልም ከዚህ ወንበር ተነሥቼ አልማር። እናቴን ሀጂራንና እኅቶቼን የማሳድረው በዚሁ ሥራ ነው።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግልህ?»

«እርስዎ ተምረዋል ይላሉ። ፍተሻው ካለቀ ደንበኛ እስኪመጣ መስመሩ ሥራ ፈት ነው፤ ሽቦው ዝም ብሎ ነው የሚውለው። እንደው ትንሽ ትንሽ ቢነግሩኝ፤ ኢንሻላህ አላሳፍርዎትም።»

እታገኘሁ ወደ በሩ ተመለከተች፤ ማንም የለም። በመስመሩ ላይ የግል ጨዋታ የተከለከለ መሆኑን ከእርሷ ይልቅ የሚያውቅ አልነበረም። ነገር ግን ባሏ ከሞተ ወዲህ ቁጥርና የጣቢያ ስም ያልሆነ ነገር የጠየቃት ሰው ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«ወረቀት አለህ?» አለችው።

ትምህርቱ በዚህ ተጀመረ። በየማለዳው ከፍተሻው በኋላ እርሷ ከአሮጌ የትምህርት መጻሕፍቷ ታነባለች፤ እርሱ ይጽፋል፤ ሒሳቡን ጮክ ብሎ ያሰላል፤ ሲስት ታርመዋለች፤ እርሷም ስትስት ዝም ብሎ ያልፋትና በማግሥቱ «እትዬ፤ የትናንቱ መልስ እንዴት ነበር?» ብሎ በትሕትና ይመልሳታል። ወሬው በመስመሩ ተሰማና ጮሌና አቦምሳም ጆሯቸውን ጣል ያደርጉ ጀመር፤ ሦስቱንም ገመድ አንድ ላይ ሰክታ በአንድ አፍ ሦስት አገር ያስተማረችባቸው ወራትም ነበሩ። የአቦምሳው ሰው በቆላው ወባ ታሞ ቀረ፤ የጮሌው አግብቶ ማለዳውን ለሌላ አዋለው፤ በመጨረሻ ጢቾ ብቻ ተረፈ። እርሷም በዚህ አላዘነችም፤ ለራሷም ቢሆን ግን ይህን አላመነችም። ይልቁንስ ለማንም ያልነገረችው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ለማስተማር ስትቀመጥ የታጠበ ነጠላ ትለብስ ነበር። ማን ሊያያት ነው?

ስሙ ከዲሮ እንደ ሆነ ከወራት በኋላ ነገራት። የእርሷን ግን አልጠየቃትም፤ መጠየቁ ድፍረት መሰለው።

የስልክ ቤቱ ኃላፊ ባላምባራስ አሳምነው ነገሩን ያውቁ ነበር። በአርበኝነት ዘመን መልእክት አመላላሽ ነበሩ፤ ከዚያም ስልክ ተማሩ፤ ዛሬ ጆሯቸው ደከም ያለ ሽማግሌ ናቸው። ማለዳ ማለዳ ሆን ብለው ዘግይተው ይመጣሉ፤ ሲገቡም ከበሩ ውጭ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

በ፲፱፻፶፫ ዓ.ም. በኅዳር፤ ፈተናው ሰባት ወር ሲቀረው፤ ተራው የጂኦግራፊ ሆነ። እታገኘሁ ከመቀመጫዋ ፊት ለፊት በግድግዳው ላይ የኢትዮጵያ ካርታ ተሰቅሎላት ነበር፤ በጢቾ ግን በስልክ ቤቱም ሆነ በትምህርት ቤቱ ካርታ አልነበረም። የገዥነቱ ወንበር ከጢቾ ወደ አሰላ ከተዛወረ ወዲህ ጢቾ ብዙ ነገር ጎድሎባታል። ስለዚህ የምታየውን በቃል ታስይዘው ጀመር።

«ወረቀቱን ፊት ለፊት አስቀምጥ። ራስጌው ሰሜን ነው፤ ግርጌው ደቡብ። ምሥራቅ በስተቀኝ፤ ምዕራብ በስተግራ። ገባህ?»

«ገባኝ። ምሥራቅ በስተቀኝ፤ ምዕራብ በስተግራ።»

«እንግዲህ ቀይ ባሕርን ከላይ አድርግ፤ ወደ ቀኝ እያጋደለ ይወርዳል። ሐረርን በስተቀኝ አስቀምጥ፤ ወለጋን በስተግራ። እኛ ከመካከል ትንሽ ዝቅ ብለን ነው ያለነው።»

«እርስዎና እኔ?»

«አርሲ ማለቴ ነው» አለች እታገኘሁ፤ ጉንጯ ግን ጋለ።

ዓባይ ከጣና ወጥቶ እንዴት እንደሚዞር፤ ዋቢ ሸበሌ ከእነርሱው ደጋ ተነሥቶ ወዴት እንደሚወርድ፤ አዋሽ በየት በረሃ እንደሚቀር፤ ሁሉንም ነገረችው። በማግሥቱ ስትጠይቀው አንዲት ቃል ሳይስት መለሰላት። ሐረር ወዴት ናት? ምሥራቅ። በየት በኩል? በስተቀኝ። በደስታዋ «ሥለህ ስትጨርስ በፖስታ በቅሎ ላክልኝ፤ አይቼ ልመልስልህ» አለችው፤ እርሱም ወንዞቹን አሳምሮ ሲጨርስ ሊልክላት ተስማማ።

ሳይልክላት ታኅሣሥ ገባ። ታኅሣሥ ፭ ቀን ረቡዕ ማለዳ የአዲስ አበባው መስመር ቢጠራ አልመልስ አለ። እታገኘሁ እንደ ልማዱ አዋሽ በኩል የተበጠሰ መስሏት ወደ ጢቾ ዞረች፤ ከዲሮም ወንዞቹን ማውረድ ጀመረ። ንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ማዶ ሳሉ በዋና ከተማው መንግሥት መገልበጡ ሊታወጅ እንደ ሆነ፤ ማን ከማን ጋር እንደ ቆመ የሚያውቅ ሹም በጠቅላይ ግዛቱ እንደ ሌለ፤ ሁለቱም አልሰሙም። አንድ ሻምበል ከሁለት ወታደር ጋር በሩን በርግዶ ገባ፤ ማዳመጫውን ከራሷ ላይ ነጥቆ ወደ ጆሮው አስጠጋ።

በመስመሩ ውስጥ የወንድ ድምፅ፤ የኦሮምኛ ቅላጼ ባለው አማርኛ፤ የአገሪቱን ወንዞችና ከተሞች በየተራ ይጠራ ነበር።

«አዋሽን ተሻግሮ… ከዚያ ድሬዳዋ… ከዚያ በስተቀኝ ሐረር…»

«ማነው ይኼ? ምን ዓይነት ምልክት ነው የሚያስተላልፈው?» ብሎ ሻምበሉ ጮኸ።

«ትምህርት ነው፤ ጌታዬ። ጂኦግራፊ ነው።»

«በዚህ ቀን? በመንግሥት ስልክ?»

እታገኘሁ እውነቱን ተናግራ ጨርሳለች። ባላምባራስ አሳምነው ያን ዕለት ጉሮሯቸውን ሳይጠርጉ ገቡ፤ ከሻምበሉ ፊት ቆመው «ልጁ ተማሪ ነው፤ እርሷ አስተማሪ ናት፤ እኔ ደግሞ እያወቅሁ ዝም ያልኩ ነኝ፤ የምታስር ከሆነ ከእኔ ጀምር» አሉ። ሻምበሉ የሽማግሌውን ሜዳልያ አየ፤ እርሱም ያን ቀን የማን ወታደር እንደ ሆነ በውል አያውቅም ነበርና ማሰሩን ተወው። ቢሆንም ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ከፍተሻው ቃል በቀር አንዲት የግል ቃል በመስመሩ ቢሰማ ወይም በፖስታ ቢላላኩ ሁለቱም ስልከኞች ከሥራ እንዲባረሩ ትእዛዝ ተሰጠ።

የአዲስ አበባው ተኩስ በዚያው ሳምንት አበቃ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ተመለሱ፤ የሞተው ተቀበረ፤ የተያዘው ተያዘ። የስልክ ቤቱ ትእዛዝ ግን የሚያነሣው ጠፍቶ በዚያው ጸና፤ አንድ ፖሊስም ከማዞሪያው አጠገብ ወንበር ተሰጠው።

«ሃሎ ጢቾ፤ ትሰማለህ?»

«እሰማለሁ፤ አሰላ።»

ከዚያ በኋላ ገመዱ ይነቀላል። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ሌላ ቃል አልነበረም። እታገኘሁ በዚያች በአንዲት «እሰማለሁ» ውስጥ ጉንፋን እንደ ያዘው፤ እንዳልተኛ፤ ረመዳን እንደ ገባ ለመለየት ጆሯን ታቆም ነበር። ቀኑ ረዘመባት። የታጠበውን ነጠላ መልበሷን አልተወችም፤ ፖሊሱ ለእርሱ የለበሰችለት መስሎት ጢሙን መላጨት ጀመረ።

በሚያዝያ አንድ ማለዳ ከዲሮ «እሰማለሁ፤ አሰላ» ካለ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እትዬ፤ ካርታው ላይ አንድ ነገር…» ሲል ፖሊሱ ቀና አለ። እታገኘሁ ገመዱን ነቀለችው። እጇ ከአእምሮዋ ቀድሞ ነው የነቀለው፤ ነገር ግን መልሳ አልሰካችውም። ያን ቀን ሙሉ ሰው ሲያናግራት ሁለት ጊዜ ካልተጠራች አትሰማም ነበር።

ሰኔ ላይ ፈተናው በአሰላ ተሰጠ። ከዲሮ በተበደረው ፈረስ፤ በዝናብ፤ ተራራውን አቋርጦ መጣ፤ ስሙም ትምህርት ቤት ከሌላቸው ተፈታኞች ጋር ተመዘገበ። ፈተናው ባለቀ ዕለት ከሰዓት በኋላ የስልክ ቤቱ መስኮት ጋ አንድ ረጅም ወጣት ቆመ፤ ካቦርቱ ረጥቧል፤ ኮፍያውን በእጁ ይዟል። እታገኘሁ «ሃሎ ጮሌ!» እያለች ስትጣራ እስክትጨርስ ጠበቀ፤ ድምፁንም ከማሰማቱ በፊት ፈገግ አለ።

«እትዬ፤ ጢቾ ነኝ።»

ማዳመጫውን አወለቀች። ባላምባራስ አሳምነው ፖሊሱን «ና እስቲ፤ ያ ምሰሶ ዘመም ብሏል ይሉኛል፤ አብረን እንየው» ብለው ይዘውት ወጡ።

ሁለት ዓመት ከመንፈቅ በየማለዳው ሲነጋገሩ የኖሩ ሰዎች፤ ፊት ለፊት ሲቆሙ እንደ እንግዳ ተጠያየቁ። እናቱን ጠየቀችው፤ አልሐምዱሊላህ ደኅና ናት። መንገዱን ጠየቀችው፤ ጭቃ ነው። እርሱም «ቀጭን ይመስሉኝ ነበር፤ ድምፅዎ ቀጭን ነውና» ብሎ መልሶ ደነገጠ፤ ሳቀችለት።

«ፈተናው እንዴት ነበር?»

«ሒሳቡን ሠርቻለሁ። እንግሊዝኛው ትንሽ አስቸግሮኛል። ጂኦግራፊው ግን ኢትዮጵያን ሥላችሁ ወንዞቿንና ከተሞቿን አመልክቱ የሚል ነበር፤ ግማሹ ነጥብ በእርሱ ላይ ነው። ወላሂ እትዬ፤ አንድ ወንዝ አላስቀረሁም።»

«ጎበዝ! ሐረርን የት አደረግሃት?»

«በስተቀኝ ነዋ» አለና አመለከታት። የዘረጋው እጅ ግራው ነበር።

እታገኘሁ እጁን አየች፤ ቀጥሎ ፊቱን አየች፤ ከዚያም ከመስኮቱ ወዲህ ባለው በራሷ ቀኝ በኩል መሆኑን አስተዋለች።

«ከዲሮ፤ ይኼ እኮ ግራህ ነው።»

«አዎ። የእርስዎ ቀኝ ነው።» ድምፁ እየቀነሰ ሄደ። «ከጠረጴዛዬ ማዶ የደንበኛ ወንበር አለ። ማለዳ ሰው አይቀመጥበትም። እርስዎ እዚያ ሆነው የሚያስተምሩኝ ይመስለኝ ነበር። ቀኝ ሲሉኝ ታዲያ የእርስዎን ቀኝ ያዝኩ፤ ግራ ሲሉኝም የእርስዎን ግራ። የአስተማሪን ቀኝ ትቼ የራሴን ልይዝ ነው?»

ደግሞም ጨመረ፤ «ሚያዝያ ላይ ተጠራጠርኩ። ቀኙ የእርስዎ ነው ወይስ የእኔ ብዬ ልጠይቅዎ ነበር።»

እታገኘሁ የማዞሪያውን ጠርዝ ያዘች። «መስመሩን የነቀልኩት እኔ ነኝ» አለችው።

«አውቃለሁ። ሽቦ ሲበጠስና ገመድ ሲነቀል ድምፁ አንድ አይደለም። እርስዎ ከነቀሉት፤ ሰው አጠገብዎ ነበር ማለት ነው፤ እኔ ነኝ አለቦታው የተናገርኩት፤ አይዘኑብኝ።»

አለቀሰች፤ አልደበቀችውም። ካርታው እንዳለ ተገልብጧል፤ ቀይ ባሕር በጋምቤላ በኩል ወርዷል፤ ሐረር በወለጋ ቦታ ተቀምጣለች፤ የከዲሮም እንጀራ በዚያ ወረቀት ላይ ነበር። ለዚህ አለቀሰች። ደግሞም ብቻዬን ነኝ ብላ ባሰበችባቸው በእነዚያ ማለዳዎች ሁሉ ከተራራው ማዶ በአንድ ባዶ ወንበር ላይ ተቀምጣ ኖራለች፤ ለዚህም አለቀሰች። የትኛው እንደሚበልጥ ግን እርሷም አላወቀችም።

«ስምዎን ሳልጠይቅ ልሄድ ነው» አለ ከዲሮ።

«እታገኘሁ እባላለሁ።»

ስሟን ደግሞ ጠራውና ኮፍያውን ደፍቶ ወደ ፈረሱ ሄደ።

ውጤቱ በነሐሴ መጣ፤ ከዲሮ በሌላው ሁሉ አልፎ በጂኦግራፊው ወደቀ፤ በአንዱ የወደቀ ደግሞ ምስክር ወረቀት አይሰጠውም ነበር። በ፲፱፻፶፬ ዓ.ም. መስከረም «ሃሎ ጢቾ፤ ትሰማለህ?» ስትል ከሸዋ የተላከ የሌላ ሰው ድምፅ መለሰላት፤ እርሷም ደንቡን ጠብቃ ገመዱን ነቀለች። ከዲሮ እናቱንና እኅቶቹን ይዞ ወደ አቦምሳ ወርዶ በእህል ንግድ ገባ አሉ፤ በአቦምሳ በኩል በተደወለ ቁጥር እታገኘሁ ደዋዩ ሁለተኛ ቃል እስኪናገር ድረስ ትንፋሿን ትይዝ ነበር። እንዲህ ሆና በዚያ ወንበር ላይ ብዙ ዓመት ሠራች፤ ከዲሮ ግን አልደወለም።

የ፲፱፻፶፫ን ዓመተ ምሕረት የጻፉ ሰዎች የታኅሣሡን ተኩስ ጻፉ፤ የሞቱትን መኳንንትና የተሰቀሉትን መኮንኖች በስማቸው አነሡ፤ ይህም ተገቢ ነው። በአርሲ ደጋ በአንድ ነጠላ ሽቦ ላይ ትምህርት ቤት ነበረ ብሎ የጻፈ የለም፤ ግድግዳም፤ ደወልም፤ ስምም አልነበረውምና። የፈተናውን ወረቀት ያረሙት መምህራን ብቻ «ሐረርን ወደ ምዕራብ ያሻገራት አርሲ» እያሉ ለብዙ ዓመት ይሥቁበት ነበር፤ አንዳንዱም ቁርኣን ቤት ከቀኝ ወደ ግራ መጻፍ የለመደ ስለ ሆነ ነው ብሎ ሊቃውንታዊ ማብራሪያ ይሰጥበት ነበር። ያን ካርታ ሲሥል ከማን ፊት ለፊት ተቀምጦ እንደ ነበር የጠየቀ ግን ከመካከላቸው አንድም አልተገኘም።